የሰሞነኛው ውሃ

ንፋስ መውጫ በምሠራበት ጤና ጣቢያ «ውሃ ይጠጡ» የሚለውን ቃል በቀን ሃያ ጊዜ እለዋለሁ። ለሚያስመልሰው እላለሁ፣ ለሚያስቀምጠው እላለሁ፣ ትኩሳት ላለበት እላለሁ። ሰው እሺ ብሎ ይሄዳል። ይጠጣ አይጠጣ ተከትዬ ቤቱ አልገባም። ውሃ መጠጣቱን ከነሰዓቱ የምከታተለው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ አባቴ። ይህን ስጽፍ እንኳ ዓይኔ ሰዓት ላይ ነው። ደክሞኛል። እውነቱን ለመናገር በጣም ደክሞኛል።

አባቴ ቄስ ናቸው። የሚኖሩት ታች ጋይንት ነው፤ ከአርብ ገበያ በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ መንደር ውስጥ። ቄስ ናቸው ስል ደመወዝተኛ እንዳይመስላችሁ፤ እንደ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ያርሳሉ፣ ያርማሉ፣ ያጭዳሉ። መንደራችን ጉብታ ላይ የተሠራች አንዲት የማርያም ቤተ ክርስቲያን አለቻት። እኔ ትንሽ ሳለሁ ካህናቷ ብዙ ስለነበሩ ቅዳሴውን በሰሞን ይካፈሉት ነበር። የዚህ ሳምንት ሰሞነኛ ከሚስቱ ተለይቶ፣ አፉን ጠብቆ ይቀድሳል፤ የቀሩት እርሻቸውን ያርሳሉ፣ ጠላቸውን ይጠጣሉ። ተራው ዞሮ እስኪመለስ ወር ከምናምን ይሆናል። ያ ሁሉ አለቀ። አንዳንዶቹ ሞቱ፣ አንዳንዶቹ ከተማ ወርደው ደመወዝ ባለው ደብር ተቀጠሩ። ሁለት ቀሩ፤ ዓይናቸው የደከመ አንድ ሽማግሌ ቄስና አባቴ። ለቅዳሴ ደግሞ ከዲያቆናቱ ሌላ ሁለት ቄስ ግድ ነው። ሁለት ብቻ ከሆኑ ተራ የሚባል ነገር የለም። አባቴ ዓመቱን ሙሉ ሰሞነኛ ናቸው።

ነገ የሚቀድስ ቄስ ዛሬ ራቱን በጊዜ በልቶ አፉን ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ እህልም ውሃም የለም። ጠዋት ሲጉመጠመጥ ጠብታ ብትወርድበት እንኳ መቅደስ አይገባም። በፍስክ ጊዜ እሑድ ቅዳሴው ረፋዱ ላይ ስለሚያልቅ ነገሩ ቀላል ነው። በጾም ግን ቅዳሴው የሚያልቀው ከሰዓት በኋላ ነው፤ በተለይ በፍልሰታ፣ ሁለቱን ሱባኤ በየቀኑ። ከቁርባን በኋላ ማየ መቁረር የሚባል ውሃ አለ፤ የተቀበሉት ነገር ጥርስ ውስጥ እንዳይቀር አንድ ጉንጭ የሚጠጡት። ለአባቴ የቀኑ የመጀመሪያ ውሃ እሱ ነው። ይህን ሁሉ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ነርስ ስሆን ግን ያወቅሁትን ከተማርኩት ጋር አላገናኘሁትም። ሰው ቤቱን በደንብ ያውቃል ይባላል እንጂ እኔ አላወቅሁም ነበር።

ሕመሙ የጀመረው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። መጀመሪያ ሁሉም ሰው «ጨጓራ ነው» አለ። በኛ አገር ጨጓራ የሌለው ሰው ስለሌለ ማንም አልደነገጠም። ጎረቤት ፌጦ በጥብጦ አመጣ፣ ሌላው ጤናዳም ጨምቆ አመጣ። እኔም ራሴን እንደ ተማረ ሰው ቆጥሬ የጨጓራ ክኒን በአርብ ገበያተኛ እጅ እልክ ነበር። ትንሽ ይሻላቸዋል፤ ከዚያ በየሁለት በየሦስት ወሩ ወደ ላይ ይላቸዋል። ሲጀምራቸው አንድ ቀን አይደለም፤ ሦስት አራት ቀን ያለ እረፍት ነው። የትናንት የባቄላ ንፍሮ እንዳለ፣ ሳይፈጭ፣ ይወጣል። እናቴ ይህን ስትነግረኝ «እንዳበላሁት ነው የሚመልሱልኝ» ብላ ስቃ ነበር።

ሁለት ጊዜ ሄጄ ራሴ ግሉኮስ ሰጥቻቸዋለሁ። ከረጢቱን የቤታችን ምሰሶ ላይ በሲባጎ አስሬ፣ እሳቸው መደቡ ላይ ተኝተው፣ እኔ ጠብታውን እየቆጠርኩ። አንዱ ከረጢት ሲያልቅ ዓይናቸው ይገለጣል። ሁለተኛው ሲያልቅ ስለ በሬው ይጠይቃሉ። በማግስቱ ተነስተው ይሄዳሉ። ጎረቤቱ «እግዜር ይስጥሽ፣ እንኳን ተማርሽ» ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር። በየጊዜው እየደረቁና እየረጠቡ የሚሄዱ ኩላሊቶች እንዳሏቸው አላሰብኩም። ደማቸውን አላስመረመርኩም። የሌላ ሰው አባት ቢሆኑ ግን በመጀመሪያው ቀን ነበር ወደ ሆስፒታል የምልካቸው። ይህን ሳስብ አሁንም በራሴ እናደዳለሁ።

የሕይወት አድን ዱቄትም እልክ ነበር፤ ውሃ ውስጥ በጥብጠው እንዲጠጡ። አንድ ጊዜ ለፋሲካ ስሄድ ከጸሎት መጻሕፍታቸው ሥር እሽጉ ሳይከፈት ተደርድሮ አገኘሁት። «አባየ፣ ይሄን ለጌጥ ነው የላክሁልዎ?» አልኳቸው።

«ጨው ጨው ይላል» አሉ።

«ቀምሰውታል?»

«አልቀመስኩትም። እናትሽ ናት ያለችኝ።»

እናቴ ከጓዳ «እኔን አትጎትቱኝ» አለች። ሳቅን፤ ነገሩ በዚያው ቀረ። እኔ የመሰለኝ ግትርነት ነው። አባቴ መድኃኒት የማይወዱ፣ ልጅ የማይሰሙ፣ የገጠር ቄስ ናቸው ብዬ ደመደምኩ። የማይሰሙ መስሎኝ ነበር!

ያንን የፍልሰታ ጾም አልረሳውም። ክረምቱ ከባድ ነበር፤ መንገዱም አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። እናቴ ስልክ ደወለች። መንደራችን ውስጥ ስልክ የሚሠራው ቤተ ክርስቲያኗ ያለችበት ጉብታ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ እሷ በጭቃ ያንን ዳገት ወጥታ ከደወለች ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ገባኝ።

«አባትሽ ሽንት ከሸኑ ሁለት ቀናቸው» አለች።

«ወደ ላይ ይላቸዋል?»

«ከሱባኤው መግቢያ ጀምሮ እንዲያው ነው። ቀድሰው ይወጣሉ፣ ትንሽ ይቀምሳሉ፣ ማታ ያንኑ ይመልሱታል። ትናንት ከቅዳሴ ሲወጡ ደጀ ሰላሙ ላይ ወደቁ።»

«እስካሁን ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትጮሂያለሽ ብለው ከለከሉኛ።»

ጮህኩ። ከዚያ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። አርብ ገበያ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር። እኩል መንገድ ላይ ቃሬዛ ተሸክመው ሲመጡ አገኘኋቸው። የመንደሩ ወንዶች ተራ እየተቀባበሉ፣ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው፣ ከኋላ እናቴ ዣንጥላ ይዛ። ጋቢውን ገለጥኩና አባቴን አየኋቸው። ዓይናቸው ጎድጉዷል፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፤ የእጃቸውን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው እንደተቆነጠጠ ቀረ። በሥራዬ ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። በአባቴ እጅ ላይ ማየት ግን ሌላ ነው።

«ውሃ ሰጥታችኋቸዋል?» አልኩ።

ተሸካሚዎቹ ተያዩ። አንደኛው «እሳቸው እምቢ አሉ» አለ። «ለነገው ቅዳሴ እመለሳለሁ ብለው።»

የበጠበጥኩትን ውሃ ከንፈራቸው ላይ አደረግኩ። አፋቸውን ገጠሙ። በዚያ ድካም፣ በዚያ አቅም ማጣት፣ አፋቸውን ለመግጠም ግን ጉልበት ነበራቸው። ያኔ የተናገርኩትን ማንም ልጅ ለአባቱ፣ ያውም ለቄስ፣ አይናገርም። «ነገ ሬሳ አይቀድስም!» አልኩ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ተሸካሚዎቹ መሬት መሬት አዩ። እናቴ አማተበች። አባቴ ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝና አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ አርብ ገበያ መኪና እስክናገኝ ድረስ በየመቶ እርምጃው እያስቆምኩ በማንኪያ አጠጣኋቸው። ከጠጡት ግማሹን መለሱት። ግማሹ ይበቃኛል ብዬ ቀጠልኩ።

ሆስፒታል ስንደርስ ደም ወሰዱ፣ የሽንት ቱቦ አስገቡ። ከረጢቱ ባዶ ነበር። የተቀበለን ሐኪም በዕድሜ ከኔ የሚያንስ፣ እርጋታ ያለው ልጅ ነው። የደሙን ውጤት አሳየኝ። ቁጥሩ ኩላሊታቸው ሥራ ሊያቆም እንደተቃረበ ይናገራል። ሐኪሙ ወደ አባቴ ዞረና ጎንበስ ብሎ «አባ፣ በቀን ምን ያህል ውሃ ይጠጣሉ?» አላቸው።

አባቴ ደክመዋል እንጂ አእምሯቸው ሙሉ ነበር። «የሚቀደስ ለታ ማየ መቁረሩን እጠጣለሁ» አሉ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ለነገው መጠንቀቅ አለብኝ። ልጄ፣ እኔ የሚያስመልሰኝ ሰው ነኝ። ሥጋ ወደሙን ተቀብዬ ወደ ላይ ቢለኝ ምን ይውጠኛል? ለሰው እንዲህ ያለ ነገር ከሞት ይከፋል። ስለዚህ ዋዜማውን ሙሉ ምንም አልጠጣም። ሆዴ ባዶ ይሁን ብዬ ነው።»

«ይህን ማን ነገረዎ?»

አባቴ ወደ እኔ ጠቆሙ። ያመለከቱበት እጅ ግሉኮሱ የተሰካበት ነው። «ልጄ ናት የነገረችኝ» አሉ። «ሆድ ባዶ ከሆነ የሚወጣ ነገር የለም ብላኛለች። እውነቷን ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ አንድ ቀን ቅዳሴ ላይ አላስመለሰኝም።» ይህን ሲሉ ኮርተውብኝ ነበር። ሐኪሙ ፊት ልጃቸውን እያመሰገኑ መሆኑ ነው።

ሐኪሙ «ሲስተር?» ብሎ አየኝ። ትዝ አለኝ። ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። አርብ ቀን ከገበያ ደውለው ነበር፤ እኔ የክትባት ዘመቻ ላይ፣ በር ላይ እናቶች ሕፃን ታቅፈው ተሰልፈው፣ አንዱ ሕፃን ሲያለቅስ ሌላው እየተቀበለው። «የምቀድስ ለታ እንዳያስመልሰኝ ምን ላድርግ?» አሉኝ። እኔም ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሐል ይዤ፣ መርፌ እያዘጋጀሁ፣ «ሆድዎ ባዶ ከሆነ ምን ይወጣል፣ አባየ» አልኩና ዘጋሁት። መልስ አልነበረም፤ ወሬ መቁረጫ ነበር። እኔ የጣልኩትን ቃል እሳቸው አንስተው ቀኖና አደረጉት። ለሁለት ዓመት ጠበቁት። ዱቄቱን ያልሰሙኝ ሰው፣ ያንን አንዱን ሰሙኝ።

ከክፍሉ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ማልቀስ ፈልጌ ነበር፣ አልመጣም። የመጣልኝ ንዴት ነው፤ በራሴ፣ በሳቸው፣ ለአንድ ሙሉ ደብር ሁለት ቄስ ትታ በሄደች ዘመን። ከዚያ እናቴ ወጥታ አጠገቤ ቆመች። «አላወቅሽም እኮ» አለች። አለማወቅ የሥራ መደቤ አይደለም ልላት አልኩና ተውኩት።

በሁለተኛው ቀን ከሽንት ከረጢቱ ሥር ጠቆር ያለ ትንሽ ነገር ታየ። ሻይ የሚመስል። እልል ማለት ምንም አልቀረኝም። ተራ የሽንት ጠብታ አንድን ትልቅ ሰው ምን ያህል ሊያስደስት እንደሚችል ያላየ አያውቅም። በሦስተኛው ቀን ጨመረ። ሐኪሙ ግን አልሳቀም። ትውከቱ የሚመጣው የቆየ ቁስል የጨጓራውን መውጫ አጥብቦት ስለሆነ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል አለና ወደ ባሕር ዳር ላከን። እዚያ ከፍተው አስፉት። ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ አንድም ጊዜ አላስመለሳቸውም። እህል ሲስማማቸው ፊታቸው ሞላ። እናቴ «ሙሽራ መሰሉ» ብላ ታሾፍባቸው ጀመር።

ኩላሊቱ ግን እንደ ጨጓራው አልሆነም። በመጨረሻው ቀጠሮ የባሕር ዳሩ ሐኪም ሁላችንንም አስቀምጦ ተናገረ። ከፊሉ ተመልሷል፤ የቀረው አይመለስም። እንደገና እንዲያ ከደረቀ ቀጥሎ ያለው የኩላሊት እጥበት ነው። ከእንቅልፍ ሲነሱ መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ በየሁለት ሰዓቱ ውሃ፤ ጾም ይሁን ፍስክ። እጥበት ማለት በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ማሽን ላይ መተኛት ነው፤ ታች ጋይንት ለሚኖር ሰው ደግሞ ከቤቱ ርቆ ይሞታል ማለት ብቻ ነው። ይህን ሐኪሙ አላለውም። እኔ ግን አውቀዋለሁ፤ አባቴም ከፊቴ አነበቡት።

«የሚቀደስ ለታስ?» አሉ።

ሐኪሙ «የሚቀደስ ለታም» አለ። ምን እንደተጠየቀ አልገባውም። ለሱ ጥያቄው ስለ አንድ ጠዋት ነው።

የአባቴ የንስሐ አባት ሊጠይቋቸው ቤታችን መጡ። ሽማግሌ ናቸው፣ የድጓ ማስመስከሪያ ከሆነችው ከቤተ ልሔም የተማሩ፣ ቃላቸውን መዝነው የሚናገሩ። ጉዳዩን ከሥር ከመሠረቱ ጠይቀው ተረዱ። በመጨረሻ «ውሃውን ይጠጡ፤ ለሕመምተኛ ተፈቅዷል፤ እኔም ፈትቻለሁ» አሉ። «ጠጥቶ መቀደስን ግን እኔ ልፈታው አልችልም። ማንም አይፈታውም።» አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህን ሳይጠይቁም ያውቁታል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

እግዚአብሔር ያያል፣ ያን ጊዜ ምነው እንደ ሌላ የገጠር አባት ግትር ሆነው ባላዳመጡኝ አልኩ። ያልኩትን እንደሚፈጽሙት አውቃለሁና። «ይቀድሱ» ብላቸው ይቀድሳሉ፣ ይደርቃሉ። «አይቀድሱ» ብላቸው ቤተ ክርስቲያኗ በአንድ ቄስ ትቀራለች፤ ቅዳሴ ይታጎላል። ከዲቁናቸው ጀምሮ የኖሩበትን ነገር በአንድ ቃል የማስቆመው እኔ ነኝ። በዚያች በስልኳ ቃል ያደረግኩትን አይተናል። ይህኛውን ቢያንስ አስቤ፣ ዓይናቸውን እያየሁ ልናገረው አልኩ።

«አይቀድሱም፣ አባየ» አልኩ። «ይኑሩልኝ።»

«እሺ» አሉ። ቢቆጡኝ፣ ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። ተነሡና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቅዳሴ ልብሳቸውን አውርደው፣ አጣጥፈው፣ ለእናቴ ሰጧት።

መንደሩ ግን እንደ አባቴ ዝም አላለም። ሦስት ሽማግሌዎች ንፋስ መውጫ ድረስ መጥተው የተከራየሁት ቤት በር ላይ ቆሙ። አስገባኋቸው፣ ሻይ አቀረብኩ። ቀስ ብለው ጀመሩ። በወር አንዲት እሑድ ብቻ። እሷ ካልሆነች ወር በገባ በሃያ አንድ። እሷም ካልሆነች ለፍልሰታ የመጀመሪያዋንና የመጨረሻዋን። እንደ ገበያ ሰው ዝቅ እያሉ መጡ። እኔም መጀመሪያ በትሕትና፣ ኋላ በንዴት መለስኩ። «ልጆቻችሁን ለምን ክህነት አላስተማራችሁም?» አልኳቸው። «ያ ሁሉ ልጅ ባለበት መንደር ሸክሙ ያንድ ሰው ኩላሊት ላይ ብቻ ነው የሚወድቀው?»

አንደኛው ሽማግሌ ሻያቸውን አስቀመጡ። «የኔውን ልጅ ዲቁና አስጀምሬው ነበር» አሉ። «አንቺ ጋውን ለብሰሽ ስትመጪ አየና ጥሎ ኮሌጅ ገባ።» ሌሎቹ ሳቁ፤ እኔም ሳልወድ ሳቅሁ። ሲሄዱ ግን ሦስቱም ፊታቸው ጠቁሮ ነው የሄዱት። ከዚያ ወዲህ መንደሩ ውስጥ ስሜ «ቤተ ክርስቲያን የዘጋች» ሆኗል። እናቴ ይህን የነገረችኝ ልታስቀኝ ብላ ነው። ሐሰት ነው ማለት አልቻልኩም።

ከማዶ ያለችው የሚካኤል ደብር አንድ ቄስ እያዋሰች እሑድ እሑድ እንድትረዳ ተስማሙ። እነሱም ያላቸው ጥቂት ነው፤ የቻሉ ለታ ይመጣሉ፣ ያልቻሉ ለታ አይመጡም። አባቴም ከዚያ ወዲህ ከሕዝቡ ጋር ውጭ ይቆማሉ። ስልክ የሚሠራው እዚያው ጉብታ ላይ ስለሆነ ውሃ መጠጣታቸውን የሚነግሩኝም ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ቆመው ነው። በቀን ሦስት ጊዜ እደውላለሁ። «ጠጡ?» እላለሁ፤ «ጠጥቻለሁ» ይላሉ። አንዳንዴ በሽተኛ እያየሁ፣ አንዳንዴ ምሳ እየበላሁ። የሥራ ባልደረቦቼ «ውሃና ፍሳሽ» ብለው ያሾፉብኛል። አባቴ አይዋሹም፤ ያልጠጡ ለታ አልጠጣሁም ይላሉ። ቢዋሹ ኖሮ አንዳንድ ቀን ባረፍኩ ነበር።

ባለፈው እሑድ ጠዋት እንደ ልማዴ ደወልኩ። ቀዝቃዛ ጠዋት ነበር፤ ፀሐይ ገና እየወጣች። ስልኩን ቶሎ አነሱት። ከኋላቸው የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል፤ ሳል፣ የሕፃን ለቅሶ፣ የመቋሚያ ኳኳታ።

«ጠጡ፣ አባየ?»

ዝም አሉ።

«አልጠጡም?»

«አልጠጣሁም» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። «የሚካኤሉ ቄስ አልመጡም። ሰዉ ከሌሊት ጀምሮ ቆሟል። ዲያቆናቱ ለብሰዋል። ሽማግሌው ቄስ በር ላይ ወጥተው እኔን እኔን ያያሉ።»

«ከማታ ጀምሮ ነው ያልጠጡት?»

«ከማታ ጀምሮ።»

ገባኝ። አላሰብኩትም ቢሉኝም ገባኝ። ማታ ራታቸውን በጊዜ በልተዋል፣ አፋቸውን ዘግተዋል፣ ምናልባት ብለው። እናቴም ሳታውቅ አትቀርም። አንድ ጠዋት ብቻ ነው። የመጨረሻው ምርመራቸው ደህና ነበር። አንዲት ጠዋት ኩላሊት አትገድልም ማለት እችል ነበር፤ ምናልባትም እውነት ነው። ግን ከአንዲቷ ጠዋት በኋላ የሚቀጥለው እሑድ አለ፤ ከዚያ ዐቢይ ጾም፣ ከዚያ ፍልሰታ። እሳቸው ደግሞ አንዴ የነገሯቸውን የሚጠብቁ ሰው ናቸው። ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት። ከወዲያ ማዶ እየጠበቁኝ ነው፤ እሳቸውም ሕዝቡም።

«ይጠጡ» አልኩ።

«አሁን?»

«አሁን።»

ትንፋሻቸው ተሰማኝ። ከዚያ የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን ሲከፈት ሰማሁ፤ በጋቢያቸው ውስጥ ይዘውት ነበር። እርምጃቸውን ሰማሁ፤ ጠጠር ላይ፣ ጥቂት እርምጃ። የሰዉ ድምፅ ቀረበ፣ ከዚያ ዝም አለ። ሲውጡ ሰማሁ። ቀስ ብለው፣ እያረፉ፣ እስኪያልቅ። አንዲት ሴት «ወይኔ አባ» አለች። መቋሚያ ሲነሣ፣ ነጠላ ሲራገፍ፣ ሰው መበተን ሲጀምር ይሰማኛል።

«ጠጣሁ» አሉኝ። «በሩ ላይ ወጥቼ እያዩኝ ነው የጠጣሁት። ከእንግዲህ እንዳይጠብቁኝ።»

አፌ ውስጥ የነበረው ቃል ለበሽተኞቼ ሁሉ የምለው ቃል ብቻ ነው። «ጎበዝ» አልኳቸው። አባቴን፣ ቄሱን፣ ጎበዝ አልኳቸው። እሳቸውም «እሺ ልጄ» አሉና ስልኩን ዘጉት።